በሐምሌ የኖርዌይን ዳርቻ በመርከብ፦ ከአዲስ አበባ ቤተሰብ ይዞ ለሚነሳ

ቤተሰብ ይዞ በሰሜን አውሮፓ ዳርቻ በመርከብ ለመጓዝ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመርከቡ ፎቶ ነው። አሥራ አምስት ፎቅ ያለውን፣ ጣሪያው ላይ የውሃ መንሸራተቻ የተተከለበትን መርከብ ያያል። ልጆቹም ያዩታል። ከዚያ በኋላ ሐሳብ ማስቀየር ከባድ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ግን መጀመሪያ የሚመረጠው መርከቡ ሳይሆን መንገዱ ነው። ቪዛው የሚፈቅደው መንገድ አለ፣ የማይፈቅደውም አለ፤ ይህን ሳያዩ ቀብድ የከፈሉ ቤተሰቦች ገንዘባቸውን የሚያጡት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በኢትዮጵያውያን የሼንገን ቪዛ (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሱ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ላይ ገደብ ጥሏል። በውሳኔው መሠረት መልቲፕል፣ ማለትም ደጋግሞ የሚያስገባ፣ ቪዛ አይሰጥም፣ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ኖርዌይ የኅብረቱ አባል ባትሆንም በሼንገን ውስጥ ስላለች ሕጉ እሷንም ይመለከታል። ከማመልከታችሁ በፊት ገደቡ መቀጠሉን ቪዛ ማዕከሉን ጠይቁ። እስካለ ድረስ ግን የምታገኙት ቪዛ አንዴ የሚያስገባ ነው፤ ከሼንገን ከወጣችሁ በዚያው ቪዛ ተመልሳችሁ አትገቡም።

ይህን ይዛችሁ የመርከቦቹን መንገድ ተመልከቱ። ከጀርመን ተነስቶ ኖርዌይን ጎብኝቶ በስኮትላንድ በኩል ወደ ጀርመን የሚመለስ መርከብ ሁለት ጊዜ ያስገባል፤ ስለዚህ ለእናንተ አይሆንም፣ የእንግሊዝ ቪዛም ይጨምራል። ከእንግሊዙ ወደብ ከሳውዝሃምፕተን የሚነሳው ደግሞ የሁለት አገር ቪዛ ይጠይቃል። በሩቅ ሰሜን ያለችው ስቫልባርድ የኖርዌይ ግዛት ብትሆንም ከሼንገን ውጭ ናት፤ ወደዚያ ደርሶ ወደ ዋናው ኖርዌይ መመለስ እንደ አዲስ መግባት ይቆጠራል። የዋልታ ድብ ያለው እዚያ ነውና ማስታወቂያው ላይ ፎቶው ካለ መንገዱን ደግማችሁ አንብቡ።

የሚቀሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ከሃምቡርግ፣ ከኪል ወይም ከኮፐንሃገን ተነስቶ የኖርዌይን ወደቦች ብቻ ነክቶ የሚመለስ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ነው። መንገዱ በሙሉ ሼንገን ውስጥ ስለሆነ በየወደቡ መደበኛ የፓስፖርት ቁጥጥር የለም። ሁለተኛው፣ ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚያወራለት፣ ከበርገን እስከ ኪርከነስ የሚመላለሰው የዳርቻ መርከብ ነው።

የዳርቻው መስመር ለሽርሽር ተብሎ የተከፈተ አይደለም። ካፒቴን ሪካርድ ቪት እ.ኤ.አ. በ1893 ከትሮንድሃይም ወደ ሃመርፈስት የጀመረው ፖስታ፣ ዕቃና ሰው ለማመላለስ ነበር። ዛሬ 34 ወደቦችን ይነካል፤ ደርሶ መልሱ 12 ቀን፣ ወደ ሰሜን ብቻ ከሆነ 7 ቀን ይፈጃል። ሁርቲግሩተንና ሃቪላ የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ተከፋፍለው ይሠሩበታል። እንደኛ አገር አቋራጭ አውቶቡስ አስቡት፤ የአገሬው ሰው ለሁለት ወደብ ተሳፍሮ ይወርዳል፣ ሌሊት ላይ ዕቃ ይጫናል፣ መርከቡ አንዳንዱ ወደብ ላይ የሚቆመው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። መንሸራተቻ የለውም፣ የልጆች መጫወቻ አዳራሹም ከትልቁ መርከብ ጋር አይወዳደርም። ለዓይን የሚሰጠው ግን ሌላ ነው፤ ከዳርቻው ሳይርቅ፣ በደሴቶች መሃል፣ የቤቶቹ መስኮት እስኪታይ ድረስ ተጠግቶ ነው የሚሄደው።

ልጆቹ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ትልቁ መርከብ ይሻላል ብለን እናምናለን። ዕድሜያቸው ከፍ ካለ፣ በተለይ አያቶች አብረው ካሉ፣ የዳርቻው መርከብ ይበልጣል። ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ላሉት ወደ ሰሜን የሚወስደውን 7 ቀን ብቻ ወስዶ ከኪርከነስ በአውሮፕላን ወደ ኦስሎ መመለስ ይበቃል። በ12 ቀን ጉዞ ልጅ መሰላቸት የሚጀምረው በስምንተኛው ቀን አካባቢ ነው።

መቼ ይኬዳል

በሰሜኑ ጫፍ ባለው ገደል፣ በኖርድካፕ፣ አካባቢ ፀሐይ ከግንቦት 6 እስከ ሐምሌ 22 ገደማ አትጠልቅም፤ በትሮምሶ ደግሞ ከግንቦት 12 እስከ ሐምሌ 15 ገደማ። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በሰኔ መጨረሻ አካባቢ ነው። በዚህ ላይ ጾሙን ጨምሩበት። ጾመ ሐዋርያት የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1። ስለዚህ ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ ከበርገን የሚነሳበት ምርጥ ቀን ከሐምሌ 6 እስከ 10 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ሐምሌ 6 የተነሳ መርከብ በአምስተኛው ቀን፣ ማለትም ሐምሌ 10፣ ትሮምሶ ይደርሳል፤ በማግስቱ የኖርድካፕ መውጫ በሆነችው ሆኒንግስቮግ ይቆማል። ፀሐዩም አለ፣ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ጾምም የለም። ነሐሴ ላይ ቢኬድም አገሩ ያምራል፤ ሌሊቱ ግን መጨለም ጀምሯል፣ የፍልሰታ ጿሚም ምግቡን አስቀድሞ ማስመዝገብ አለበት።

ሰማይ ላይ የሚጨፍረውን አረንጓዴ ብርሃን ለማየት የሚመኝ ሰው በሐምሌ አያገኘውም፤ ሰማዩ አይጨልምማ። እሱ ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው፣ ልጆቹ ደግሞ ያኔ ትምህርት ላይ ናቸው።

ለሐምሌ ጉዞ የቪዛ ማመልከቻ የሚከፈተው ከ6 ወር በፊት፣ ጥር ላይ ነው። 45ቱን ቀን፣ ቀጠሮ የሚገኝበትን ጊዜና ሰነድ የሚሰበሰብበትን ስትደምሩ የካቲት ላይ ማስገባት ጤነኛ ነው፤ ሚያዝያ ካለፈ እንቅልፍ ይነሳል።

ሰነዱ ላይ የሚያደናቅፈው

የኢትዮጵያ ቤተሰብ የጋራ ስም የለውም፤ የውጭ አገሩ ኮምፒውተር ደግሞ የሚያውቀው የቤተሰብ ስም ያለውን ሰው ነው። በፓስፖርታችን ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። አባት፣ እናትና ልጅ ፓስፖርታቸው ጎን ለጎን ቢቀመጥ ሦስት የተለያየ ስም ነው የሚታየው፤ የልጁ የአያት ስም የአባትየው የአባት ስም ስለሆነ ግንኙነቱ እዚያው ተደብቋል፣ ባዕድ ዓይን ግን አያየውም። ስለዚህ የመርከቡን ቦታ ስትይዙ ስሙን እንደምትጠሩት ሳይሆን ፓስፖርቱ ግርጌ ላይ ባሉት ሁለት የፊደል መስመሮች እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል አስገቡ። ልጁን በአባቱ ስም ያስመዘገበ ወላጅ የአውሮፕላን ትኬቱና የመርከቡ ትኬት የማይመሳሰሉበት የሁለት ሰው ወረቀት ይዞ ይቀራል።

ዝምድናው የሚረጋገጠው በልደትና በጋብቻ የምስክር ወረቀት ነው። ከወረዳው ወሳኝ ኩነት ይወጣል፣ እንግሊዝኛ የሌለው ይተረጎማል፣ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ የቀረው ወላጅ ውልና ማስረጃ ሄዶ የፈቃድ ሰነድ ይፈርማል፤ በሰነዱ ላይ አገሩ፣ የጉዞው ቀንና የፓስፖርት ቁጥሩ ይጠቀስ። የልደት ቀኑን ደግሞ ራሳችሁ አስሉት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይጨመራል። በዚህ ስሌት ተሳስቶ በሰርተፊኬቱና በፓስፖርቱ መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት ያመጣ ሰነድ ብዙ ነው፤ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ማረም ደግሞ ሌላ ወር ይበላል።

የቪዛው ክፍያ ከ12 ዓመት ጀምሮ 90 ዩሮ፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት 45 ዩሮ ነው፣ ከ6 በታች አይከፈልም። የማዕከሉ የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው። አሻራ የሚሰጡት 12 ዓመት የሞላቸው ናቸው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን፤ ለመርከብ ተጓዥ ደግሞ በሄሊኮፕተር መወሰድን እንደሚያካትት በጽሑፍ ጠይቁ። ፓስፖርቱ ከመመለሻችሁ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። የቪዛ ማመልከቻው የተያዘ ቦታ ማሳየት ስለሚጠይቅ ለመርከቡ ሊሰረዝ የሚችለውን፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ የሚለውን ትኬት ምረጡ። በርካሹ ትኬት የሚተርፈው ገንዘብ ቪዛ ከተከለከለ የሚጠፋውን አይክስም። የአውሮፕላኑን ትኬት ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ አትቁረጡ፤ ለማመልከቻው የተያዘ ቦታ ማሳየት ይበቃል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ኖርዌይ ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ማየት እየቀረ ነው። የአውቶቡስ ትኬትም፣ ቡናም፣ መጸዳጃ ቤትም በካርድ ነው። ስለዚህ ሰንጋ ተራ ከሚገኙት ባንኮች ዶላሩን በጥሬው ከመያዝ ይልቅ ዓለም አቀፍ ቅድመ ክፍያ ካርድ አውጡ። ካርዱን እዚሁ ሳላችሁ ሞክሩት፤ በኢንተርኔት ክፍያ መሥራቱን፣ የሚስጥር ቁጥሩን መቀበሉን። መርከቡ ላይ ሒሳባችሁ ከካርዱ ጋር ታስሮ እስኪወራረድ ድረስ የተወሰነ ገንዘብ ይያዝባችኋል፤ ያን የተያዘ ገንዘብ እንደሌላችሁ ቁጠሩት። ሁለተኛ ካርድ በሌላኛው የትዳር አጋር ስም ይኑር።

ሰዓቱ

ይህን ለብቻው ያስቀመጥነው መርከብ ስለሚያስመልጥ ነው። ከበርገን የሚነሳው መርከብ ብዙ ጊዜ 20:30 ይነሳል። ያ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2:30 ነው። አንዱ «ስምንት ተኩል ማታ» ብሎ ቢያነብላችሁ፣ አያት ደግሞ በእኛው አቆጣጠር ቢሰሙት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሊሆን ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያስተካክል፤ ልጅ የእጅ ሰዓት ካሰረ በዚያው ይሞላለት። በበጋቸው የኖርዌይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ነው፣ በክረምታቸው በሁለት። መሰላሉ የሚነሳው መርከቡ ከሚንቀሳቀስበት ደቂቃ ቀድሞ ነውና ቢያንስ 15 ደቂቃ አስቀድማችሁ ተመለሱ። በራሳችሁ ታክሲ የሄዳችሁ እንደሆነ መርከቡ አይጠብቅም፤ በመርከቡ በኩል የተያዘ ሽርሽር ላይ ከሆናችሁ ግን አውቶቡሱ እስኪመለስ ይቆማል።

በዚሁ ምክንያት በርገን ከመነሻው አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኦስሎ ድረስ ይበራል፤ ከዚያ በርገን በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም፣ በባቡር ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ባቡሩን እንመክራለን። ከፍተኛው ጣቢያ ፊንሰ 1,222 ሜትር ላይ ነው፤ በሐምሌም በረዶ ይታይበታል፣ ከአዲስ አበባ ከፍታ ግን ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። የመጀመሪያ ሁለት ቀን ልብስና መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ የዘገየ ሻንጣ ከመርከብ ጀርባ ወደብ ለወደብ ሲከተል ሊከርም ይችላል።

ካቢን፣ ማዕበልና ሆድ

ካቢኖቹ ጠባብ ናቸው። በብዙዎቹ አንደኛው አልጋ ቀን ቀን ሶፋ ይሆናል፣ ሌላው ወደ ግድግዳው ይታጠፋል። አራት ሰው በአንድ ካቢን ማስገባት ሁለት ሻንጣ መዘርጊያ ያሳጣል፤ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ካቢኖች፣ ከተቻለ በውስጥ በር የሚገናኙ፣ ጠይቁ። ጠንካራ ሻንጣ አልጋ ሥር አይገባም፣ የጨርቅ ሻንጣ ይሻላል። ስትመርጡ የመርከቡን ንድፍ ክፈቱና ሦስት ነገር እዩ። መሃል ላይ የሆነና ከታችኛው ፎቅ ያለ ካቢን በማዕበል ያነሰ ይናወጣል። የዕቃ መጫኛው በር አጠገብ ያለ ካቢን ሌሊት ለሌሊት በብረት ድምፅ ያስነሳል። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ዳርቻው በቀኝ በኩል ነው፣ ስትመለሱ በግራ። መስኮት ያለው ሆኖ ርካሽ ከሆነ ምናልባት የነፍስ አድን ጀልባ ፊቱ ተሰቅሏል።

ሕፃን ካለ ወደ መርከቡ ሰገነት የሚያወጣውን በር ተጠንቀቁ። ደፉ ከፍ ያለ ነው፣ በሩ ደግሞ ከባድ ነው፣ ነፋሱ ከውጭ ሲገፋው የአዋቂ ክንድ እንኳ ያሸንፋል። የልጅ ጣት የሚጎዳው በማዕበል ሳይሆን በዚህ በር ነው። በሩን አዋቂ ይያዝ፣ ልጅ ደፉን ተሻግሮ እስኪቆም አይለቀቅ። ስትሳፈሩ የአደጋ ጊዜ ማሳያ ይደረጋል፤ ሰባት አጭር አንድ ረጅም ድምፅ ማለት ወደ መሰብሰቢያችሁ ሂዱ ማለት ነው። የልጁን ልክ የሆነ የነፍስ አድን ጃኬት ያን ጊዜውኑ ጠይቁ።

አብዛኛው መንገድ ደሴቶች ከለላ ስለሚሆኑለት ጸጥ ያለ ነው። የሚያናውጠው የታወቁ ክፍት ቦታዎች ላይ ነው፤ ሰዓታቸውን ማወቅ መድኃኒቱን በጊዜው ለመዋጥ ይረዳል። ስታድ የመጀመሪያው ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ነው፣ ስለዚህ ክኒኑ ከመተኛት በፊት ይዋጣል። ሁስታድቪካ ከሞልደ ቀጥሎ ነው። ከቦደ ወደ ሎፎተን ደሴቶች የሚያሻግረው ቬስትፊዮርድ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ልክ ወደ እራት ሰዓት ላይ ነው፤ ቦደ ሳትደርሱ ቀለል ያለ ነገር ብሉ። ከሺርቮይ ወዲያ ሎፓቨት አለ። በአውቶቡስ ወደ ላይ የሚለው ልጅ እዚህም ይለዋል። ዳይመንሃይድሪኔት የተባለው መድኃኒት ከመናወጡ አንድ ሰዓት በፊት ሲወሰድ ነው የሚሠራው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ለሌሎቹም መጠኑን ፋርማሲስቱ በክብደት ይንገራችሁ። ዝንጅብል ማኘክ፣ ዓይንን አድማሱ ላይ መትከል፣ ስልክ አለማየት ይረዳል። ሆድን ባዶ ማድረግ ግን ያባብሳል፣ ደረቅ ዳቦ ቆርጠም ማድረግ ይሻላል።

በዳርቻው መርከብ ላይ ሐኪም የለም። በየጥቂት ሰዓቱ ወደብ ስለሚገኝ ሕመምተኛ እዚያ ይወርዳል። የስኳር፣ የደም ግፊትና የአስም መድኃኒት ከነማዘዣው በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ የልጆች የትኩሳት ሽሮፕና ኦአርኤስ ይጨመር።

ስለ ምግብ። ሥጋና የወተት ውጤት ከአውሮፓ ውጭ ወደ ኖርዌይ ማስገባት ክልክል ነው። ቋንጣ፣ ቂቤ፣ አይብ፣ ዶሮ ወጥ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል። ድንችም አይገባም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬና በሶ ችግር የለባቸውም። ከእነዚህ ሁሉ በመርከብ ላይ የሚያስመሰግነው በሶ ነው፤ እሳት አይፈልግም፣ ውሃና ስኳር ይበቃዋል፣ የተናወጠ ሆድም ይቀበለዋል። ለአራት ሰው ለ12 ቀን ሁለት ኪሎ በሶና ሁለት ኪሎ ቆሎ ከበቂ በላይ ነው። ሽሮ ይዞ መሄድ ትርፉ ሸክም ነው፤ ካቢን ውስጥ ማሞቂያ ማብራት ክልክል ነው። እጣንም እንዲሁ። ለእናቶች ይህን አስረግጣችሁ ንገሩ፤ ከአንድ ፍሬ እጣን የሚወጣ ጭስ ጣሪያው ላይ ያለውን ጠቋሚ ያስጮኸዋል፣ ሠራተኛ ይሮጣል። ጧፍም አይበራም።

የመርከቡ ምግብ ዓሣ፣ የአጋዘን ሥጋ፣ ድንችና ዳቦ ይበዛበታል፣ የአሳማ ሥጋም አለ። ጾም ላይ ላለ ሰው «ቪጋን» ብላችሁ፣ ለሙስሊም ቤተሰብ አሳማና አልኮል የሌለበት ብላችሁ ቦታ ስትይዙ አስመዝግቡ፣ ስትሳፈሩም ለምግብ ቤቱ ኃላፊ ድገሙት። ሃላል ሥጋ በመርከቡ ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ፤ ዓሣው ግን ትኩስ ነው። የኖርዌይ የቧንቧ ውሃ የሚጠጣ ነው፣ የታሸገ አትግዙ።

ልብስ

በሐምሌ ትሮምሶ ላይ በአማካይ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። የአዲስ አበባ የክረምት ማለዳ ማለት ነው፣ እሱን እናውቀዋለን። የማናውቀው ነፋሱን ነው። መርከቡ ራሱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ ሰገነቱ ላይ የቆመ ሰው ያን ነፋስ ከተፈጥሮው ጋር ደምሮ ይቀበላል። በርገን ደግሞ በዓመት ከ200 ቀን በላይ የሚዘንብባት ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ክረምት ሸሽቶ የሄደ ሰው እዚያ ሌላ ዝናብ ይጠብቀዋል።

ጥጥ ከሥር አትልበሱ። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት ይወስዳል። ከሥር ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ስስ ልብስ፣ መሃል ላይ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያሳልፍ ጃኬት። ጃኬቱን ከመርካቶ ሰልባጅ ተራ ማግኘት ይቻላል፣ ጥሩ ጥሩም አለ፤ ግን ሳትፈትሹ አትግዙ። እጅጌውን ገልብጡና ስፌቱን ከውስጥ እዩ። በስፌቱ ላይ የተለጠፈ ስስ ግልጽ ቴፕ መኖር አለበት። ጫፉን በጥፍር ቀስ አድርጋችሁ ንኩት፤ እንደ አሮጌ ቀለም ከተላጠ ወይም የውስጡ ሽፋን በጣት ሲታሽ ነጭ ዱቄት ካራገፈ ያ ጃኬት ዘመኑን ጨርሷል፣ ዝናብ ያስገባል። ደህና ከመሰላችሁ ትከሻው ላይ ከውሃ ፕላስቲክ ጥቂት አፍሱና ሁለት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ ከውስጥ በደረቅ እጅ ዳሱ። ሻጩ አይቆጣም፣ የሚቆጣ ከሆነም መልሱን አገኛችሁ።

ጋቢ ውሰዱ። ለሰገነቱ አይሆንም፣ ጥጥ ነው። የፊት መስታወት ባለበት አዳራሽ ወንበር ላይ ተጠቅልሎ በሌሊት ፀሐይ ባሕሩን ለማየት ግን አቻ የለውም። ለእንቅልፍ የዓይን መሸፈኛ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ የመጋረጃ ክፍተት መያዣ የልብስ መቆንጠጫ አራት። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ከእኛው ጋር አንድ ነው፣ ማስተላለፊያ አያስፈልግም። ባሕር ላይ ስልኩን አውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ ከመርከቡ የሳተላይት መስመር ጋር በራሱ ከተገናኘ ሒሳቡ ያስደነግጣል።

የት ይወረዳል

ከ34ቱ ወደቦች ልጅ ይዞ ለመውረድ ጊዜ የሚሰጡት ጥቂት ናቸው። ረዘም ላለ ሰዓት የሚቆመው ኦለሱንድ፣ ትሮንድሃይም፣ ቦደ፣ ትሮምሶ፣ ሆኒንግስቮግና ኪርከነስ ነው። በሌሎቹ ላይ ወርዶ ለመሮጥ መሞከር አያዋጣም፣ ከሰገነቱ ማየት ይበቃል። ወደ ሰሜን ሲኬድ በሌሊት የታለፉት ወደቦች ሲመለሱ በቀን ይታያሉ፤ ደርሶ መልሱን የሚያስመርጠው ዋና ነገር ይህ ነው።

በበጋቸው መርከቡ በሁለተኛው ቀን ጋይራንገር ፊዮርድ ድረስ ይገባል። ፊዮርድ የበረዶ ግግር የቦረቦረው ሸለቆ ነው፣ ባሕር ሞልቶት። የዓባይን በረሃ አስቡ፤ ታችኛው ግማሽ በጥቁር ጸጥተኛ ውሃ ተሞልቶ፣ ላይኛው ገደል አረንጓዴ ሆኖ፣ ከጫፉ ፏፏቴ ሲወርድበት። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ያን ዕለት ልጆችን ከምሳ በፊት ሰገነቱ ላይ አውጡ፣ ሻይ በቴርሞስ ይዛችሁ።

ኦለሱንድ እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1904 ተቃጥላ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት፤ ከተራራዋ አናት ለመድረስ 418 ደረጃ አለ፣ አዲስ አበባ ላይ ያደገ ሳንባ አይፈራውም። ትሮንድሃይም ላይ ኒዳሮስ ካቴድራል ከወደቡ በእግር ይደረሳል፤ ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1070 ነው፣ በቅዱስ ኦላፍ መቃብር ላይ። በአራተኛው ቀን ማለዳ የአርክቲክ ክበብ ይታለፋል፤ በቀልድ ሥርዓት አንገት ላይ በረዶ ያፈሱባችኋልና ለልጆቹ ደረቅ ሹራብ አዘጋጁ። ትሮምሶ አራት ሰዓት ያህል ይቆማል፣ በገመድ መኪና 421 ሜትር ላይ መውጣትና መመለስ ይደርሳል፣ ከዚያ በላይ አትጨምሩበት።

ኖርድካፕ ከሆኒንግስቮግ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ገደሉ 307 ሜትር። ይህን ሽርሽር ከአዲስ አበባ ሳላችሁ አስይዙ፤ ቀድሞ የሚሞላው እሱ ነው፣ መርከቡም የሚቆየው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ገደሉ ላይ አጥር አለ፣ ነፋሱ ግን ትንሽ ልጅ ይገፋልና እጅ ለእጅ ተያያዙ። ጭጋግ ከሆነ ምንም አይታይም፤ ይህ በሐምሌም ያጋጥማል፣ ገንዘብም አይመለስም።

ኪርከነስ ላይ የምትወርዱ ከሆነ የኦስሎውን በረራ ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ደርሶ መልሱን የወሰዳችሁ ደግሞ በመጨረሻው ቀን ካቢኑን ጠዋት ትለቃላችሁ፣ መርከቡ በርገን የሚደርሰው ግን ከሰዓት በኋላ ነው፤ በመሃል ለአምስት ሰዓት ያህል አዳራሽ ውስጥ ናችሁ። የልጆች ጃኬት፣ መድኃኒትና ምግብ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳይቆለፍ። ከወደቡ ወደ ከተማው መሃል በእግር ይኬዳል፣ ከዚያ ወደ ኤርፖርቱ የከተማ ባቡር 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከ18:00 በፊት የሚነሳ በረራ አትያዙ፤ መርከቡ በማዕበል ሁለት ሰዓት ሊዘገይ ይችላል።